የጋራ ቤትና በሩ
በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ሥራቸው ያልጸና ሠራተኞችና በፍቅርና በፆታ የተለዩ ሽማግሌዎች ስለ ኖሩባቸው ቤቶች የቀረበ ሒስ

ሰዎች በአንድነት የሚውሉበትና የሚያድሩበት ቤት፣ በማናቸውም አገር ቢሆን፣ የዚያን አገር ሕዝብ ጠባይ ከሚገልጹት ነገሮች አንዱ መሆኑ የታወቀ ነው። የሕዝቦችን ልማድ የሚመረምሩ ሊቃውንት ግን ብዙውን ጊዜ ዐይናቸውን የሚያሳርፉት በመኳንንቱ አዳራሽ፣ በቤተ መቅደሱና በገበሬው ጎጆ ላይ ነው እንጂ፣ በታላላቅ ከተሞች ውስጥ ቤተ ሰብ የሌለው ሠራተኛ በሚያድርበት ርካሽ ክፍል ላይ አይደለም። በቅርብ ዘመን በአሜሪካና በኤውሮፓ የሚገኙ የሕንፃ ንድፍ ዐዋቂዎች ይህን የተዘነጋ ነገር አንሥተው፣ ሥራቸው ላልጸና ሠራተኞች፣ እንዲሁም በፍቅርና በፆታ ከብዙኃኑ ለተለዩ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ምን ዐይነት የጋራ ቤት ሊሠራ ይገባል በማለት ብዙ ጽፈዋል፤ ጥቂት የማይባሉ ቤቶችም ሠርተዋል። የእነዚህ ሥራዎች ዋና ጕድለት ግን የጋራ ቤትን ከአዳራሹ እንጂ ከበሩ አለመጀመራቸው ነው። ይህም ጕድለት ጐልቶ የሚታየው፣ ነገሩ ረዥም ታሪክ ባለውና በብዙ መጻሕፍት በተመረመረው በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ እነዚህ ሁለት ወገኖች ለምን በአንድነት እንደሚነሡ መግለጽ ያስፈልጋል። ሥራው ያልጸና ሠራተኛ ማለት ደመወዙ በየወሩ ተቈርጦ የማይከፈለው፣ ዛሬ ተቀጥሮ ነገ የሚሰናበት፣ ሥራ ባለበት ወራት ወደ እርሻው ወይም ወደ መርከቡ የሚሄድ፣ ሥራው ሲያልቅ ወደ ከተማ የሚመለስ ሰው ነው። በፍቅርና በፆታ የተለዩ የተባሉት ደግሞ ፍቅራቸው ከተመሳሳይ ፆታ ጋራ የሆነ ወንዶችና ሴቶች፣ እንዲሁም በተወለዱበት ፆታ ያልኖሩ ሰዎች ናቸው። ሁለቱ ወገኖች በጠባይም ሆነ በአሳብ አንድ አይደሉም። የሚያገናኛቸው ድኽነት ነው ቢባል እንኳ አይበቃም፤ ድኻ የሆነ ሁሉ እነርሱን አይመስልምና። ይልቁንም የሚያገናኛቸው የወረቀት እጦት ነው። የቀን ሠራተኛው ስለ ገቢው የሚያሳየው የጸና ማስረጃ የለውም። የተለየው ሽማግሌ ደግሞ ሠላሳና አርባ ዓመት አብሮት ስለ ኖረው ሰው ባልንጀራዬ ነው ከማለት በቀር በሕግ ፊት የሚያቀርበው ጽሑፍ አልነበረውም። በአሜሪካ አገር የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ በመላው ግዛት የጸናው ጁን 26 ቀን 2015 ነው። ከዚያ አስቀድሞ አብሮት የሚኖረው ሰው የሞተበት ግን፣ ባልና ሚስት ቢሆኑ ኖሮ ያገኘው የነበረውን የጡረታ ውርስ ሊጠይቅ አልቻለም። ሕጉ ስለ ከለከላቸው ብቻ ሳይጋቡ የቀሩት ሰዎች መብት በፍርድ ቤት የታወቀው በ2020 ሲሆን፣ መንግሥቱም ይግባኙን የተወው በ2021 ነበር። እንግዲህ የኪራይ ቤትም፣ ጡረታም፣ ርዳታም በወረቀት በሚሰጥበት አገር፣ ሁለቱም ወገኖች በአንድ በር ፊት ለፊት በአንድ ዐይነት ምክንያት ቆመው የሚቀሩ ናቸው።

ሁለቱን ወገኖች ሳይጠይቁ ያስገቡ ሦስት ዐይነት ቤቶች በዚያች ከተማ ነበሩ። የመጀመሪያው የሠራተኞች የሥራ መደልደያ አዳራሽ ነው። ከ1934 በፊት በሳን ፍራንሲስኮ ወደብ የሚሠራ ጫኝና አውራጅ በየማለዳው በመርከቦቹ ማረፊያ አጠገብ ተሰብስቦ ይቆም ነበር፤ አለቃውም መጥቶ ለዕለቱ የሚፈልጋቸውን በጣቱ እያመለከተ ይመርጥ ነበር። ጉቦ የሰጠ ይመረጣል፤ ያረጀ፣ ደፍሮ የተናገረ፣ ወይም አለቃው ያልወደደው ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። በ1934 በተነሣው የሥራ ማቆም አድማ፣ ጁላይ 5 ቀን ሁለት ሰዎች በፖሊስ ጥይት ከሞቱና ከዚያም በኋላ መላው ከተማ ሥራ ካቆመ ወዲህ፣ ሠራተኞቹ ካገኟቸው ነገሮች ዋናው ይህ የጣት ምርጫ ቀርቶ ሥራው በአዳራሽ ውስጥ በተራ እንዲደለደል መደረጉ ነው። ደልዳዩንም የሚመርጠው የሠራተኞቹ ማኅበር ሆነ።

በተከታዮቹ ዓመታት ይኸው ሥርዐት ወደ መርከበኞች ማኅበራት ሲዛመት፣ የመርከብ ወጥ ቤቶችና አስተናጋጆች ማኅበርም በእንዲህ ያለ አዳራሽ ይሠራ ጀመር። ይህን ማኅበር ከመረሳት ያወጡት የታሪክ ጸሐፊው አለን ቤሩቤ ናቸው። ቤሩቤ በ2007 ስለ ሞቱ ሥራቸው ሳይፈጸም ቀርቷል፤ የተበተኑ ጽሑፎቻቸው ግን በ2011 በሁለት ባልደረቦቻቸው ተሰብስበው ታትመዋል። እንደ ጸሐፊው አተራረክ፣ ወደ ሐዋይ በሚመላለሱት የመንገደኛ መርከቦች ላይ አልጋ ማንጠፍ፣ ምግብ ማቅረብና ሳሕን ማጠብ የሴት ሥራ ተብሎ የተናቀ ስለ ነበር፣ ይህን ሥራ የያዙት ሌላው ሥራ የተዘጋባቸው ሰዎች ነበሩ፤ ይኸውም ጥቍሮች፣ ቻይናውያን፣ ፊሊፒናውያን፣ ከዚህም ጋራ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ የሆኑ ብዙ ወንዶች ናቸው። ማኅበሩ ቀድሞ ነጭ ያልሆነውን ሰው የሚያርቅ ሲሆን፣ ከአድማው በኋላ ግን አባል በቀለሙም፣ በፖለቲካ አሳቡም፣ በፍቅሩም እንዳይሰደብ የሚል ልማድ አጸና። በአዳራሹ ውስጥ ከባሕር ከተመለሰ ብዙ ቀን የቆየው ሰው በተራው ይቀድማል። የሚጠየቀው የማኅበሩን ደብተር ነው እንጂ በየብስ ላይ ከማን ጋራ እንደሚኖር አይደለም።

በቤሩቤ ሥራ ላይ የሚነሣው ነቀፌታ አንድ ነው። አብዛኛው ነገር ከሽማግሌ መርከበኞች አንደበት የተቀዳ ስለ ሆነ፣ ትዝታ ያሳመረውን እንደ ነበረ የመቀበል አደጋ አለበት። ስድብ በአዳራሹ ተከለከለ ማለት በመርከቡ ታችኛ ክፍል ስድብ ጠፋ ማለት አይደለምና። ይሁን እንጂ ስለ ተራው ሥርዐት የሚናገሩት ነገር የጸና ነው፤ ተራ ደግሞ የመውደድና የመጥላት ጉዳይ አይደለም። አለቃው በጣቱ በሚመርጥበት ቦታ ሽማግሌውና የተለየው ሰው አስቀድመው የሚወድቁት እነርሱ ናቸው፤ በተራ በሚደለደልበት ቦታ ግን የሚቈጠረው ቀኑ ብቻ ነው። ማኅበሩ የጠፋውም በውስጡ በተነሣ ጠብ ብቻ አይደለም። በ1950 ኮሙኒስቶች ይመሩታል ተብሎ ከታላቁ የሠራተኞች ማኅበራት ጉባኤ ተባረረ። በዚያው ዓመት በወጣው የወደቦች ጥበቃ ሕግ መሠረት ብዙ መርከበኞች ለአገር ደኅንነት አያሰጉም የሚል ወረቀት ተከልክለው ከሥራ ወጡ። በ1955 ማኅበሩ ፈርሶ ነበር። ወረቀት የማይጠይቀውን አዳራሽ ያፈረሰው ወረቀት መሆኑ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ሁለተኛው ቤት የመኖሪያ ሆቴል ነው። ይህ በአዲስ አበባ አልቤርጎ ከሚባለው የኪራይ ክፍል ጋራ የሚቀራረብ ሲሆን፣ ልዩነቱ ሰው ለወራትና ለዓመታት የሚኖርበት መሆኑ ነው። ክፍሉ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ መታጠቢያ ሳሕንና አንድ መስኮት አለው፤ ማድቤት የለውም፤ መጸዳጃውም በኮሪደሩ መጨረሻ ለብዙ ሰው የጋራ ነው። ኪራዩ በሌሊት፣ በሳምንት ወይም በወር ይከፈላል። ፖል ግሮት በ1994 ባሳተሙት ስለ አሜሪካ የመኖሪያ ሆቴሎች ታሪክ በሚናገረው መጽሐፍ እነዚህን ቤቶች ከቤተ መንግሥት መሰሉ ሆቴል ጀምሮ እስከ ርካሹ ማደሪያ ድረስ በአራት ደረጃ ከፍለው አሳይተዋል። የመጽሐፉ ታላቅ ፍሬ ነገር፣ የከተማ ማሻሻያ ባለ ሥልጣኖች እነዚህን ክፍሎች እንደ ቤት ሳይቈጥሩ በመቅረታቸው፣ ሲያፈርሷቸውም ቤት አፈረስን እንዳላሉ መግለጹ ነው። በቈጠራቸው ማድቤት የሌለው ክፍል ቤት አይባልምና፣ በውስጡ ሃያ ዓመት የኖረውም ሰው ቤት እንዳጣ ሰው አልተቈጠረም። የመጽሐፉ ዋና ዐይን በግድግዳውና በሕጉ ላይ ስለ ሆነ ግን፣ ያ ክፍል ለምን ለአንዳንድ ሰዎች ከሌላ ቤት ሁሉ የተሻለ እንደ ሆነ በበቂ አያስረዳም።

ይህን የሚያስረዳው በከርኒ መንገድ የነበረው ኢንተርናሽናል ሆቴል ነው። በዚህ ሆቴል የሚኖሩት አብዛኞቹ ከፊሊፒን ደሴቶች በወጣትነታቸው የመጡ፣ በካሊፎርኒያ እርሻዎች አስፓራጉስና ሰላጣ ሲለቅሙ፣ በአላስካ ዓሣ በቆርቆሮ በሚታሸግበት ፋብሪካ ሲሠሩ የከረሙ፣ ሥራው ሲያልቅ ወደ ከተማው የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ። ማኖንግ እየተባሉ ይጠሩ ነበር፤ ቃሉም በኢሎካኖ ቋንቋ ታላቅ ወንድም ማለት ሲሆን፣ አንድ አማርኛ ተናጋሪ ያልወለደውን ታላቅ ሰው ጋሼ ከሚለው ጋራ ይመሳሰላል። የካሊፎርኒያ ሕግ በ1933 ፊሊፒናውያን ነጭ ሴት እንዳያገቡ ከልክሎ ስለ ነበር፣ ከአገራቸውም ሴቶች ጥቂት ብቻ መጥተው ስለ ነበር፣ ክልከላው በ1948 በግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲሻር ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ገፍቶ ነበር። እንግዲህ ሕጉ ወንደላጤ አደረጋቸው፤ ሆቴሉ ደግሞ ወንደላጤ የሆንኸው ለምንድን ነው ብሎ አልጠየቃቸውም። ይኸው አለመጠየቅ ነው በቴንደርሎይን ሰፈር በሚገኙት ተመሳሳይ ሆቴሎች ውስጥ በፍቅርና በፆታ የተለዩ ሰዎች እንዲገቡ መንገድ የከፈተላቸው። አንዱ በሕግ ምክንያት፣ ሌላው በልቡ ምክንያት ሳያገባ የቀረ ሰው በአንድ ኮሪደር ውስጥ ጎን ለጎን ሲኖሩ፣ በሁለቱ መካከል ልዩነት የሚያደርግ ጥያቄ በበሩ ላይ አልነበረም። ያላገባ ሰው እንደ ጕድለት በሚቈጠርበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛው ቤት ሌሊቱን ሁሉ ክፍት የሆነው የቡና ቤት ነው። በቴንደርሎይን ሰፈር፣ የተርክና የቴይለር መንገዶች በሚገናኙበት ማዕዘን፣ ኮምፕተንስ የሚባል ካፌቴሪያ ነበር። ወደዚህ ካፌቴሪያ በሴት ልብስ የሚኖሩ በወንድነት የተወለዱ ሰዎች፣ ማደሪያ የሌላቸው ወጣቶች፣ ሌሊት ሠርተው የሚመለሱ ሠራተኞች ይገቡ ነበር። የበሩ ዋጋ አንድ ስኒ ቡና ነው። በኦገስት ወር 1966 አንድ ሌሊት፣ ፖሊስ አንዷን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ፣ ቡናዋን ፊቱ ላይ ደፋችበት፤ ከዚያም ሳሕን ተወረወረ፤ የቤቱ መስተዋት ተሰበረ፤ ጠቡም ወደ መንገድ ወጣ። ሱዛን ስትራይከርና ቪክቶር ሲልቨርማን በ2005 ባወጡት የታሪክ ፊልም ይህን የተረሳ ነገር ከመዝገብና ከምስክሮች ቃል ሰብስበው አቅርበዋል። ቀኑ ራሱ በትክክል ተለይቶ አለመታወቁ ነገሩ ምን ያህል ተንቆ እንደ ነበር ያሳያል።

ፊልሙ ለታሪክ ያደረገው ውለታ ትልቅ ሆኖ ሳለ፣ ለባህል ጥናት ግን አንድ ነገር ይጐድለዋል። ትኵረቱ ጠብ በተነሣበት ሌሊት ላይ ስለ ሆነ፣ ምንም ነገር ያልተነሣባቸው ብዙ ሌሊቶች ወደ ኋላ ቀርተዋል። አንድ ቤት ለሰዎች መጠጊያ የሚሆነው ግን በእነዚያ ጸጥተኛ ሌሊቶች ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ገብቶ፣ አንድ ስኒ ገዝቶ፣ እስኪነጋ ሳይባረር ሲቀመጥ ነው። ከግርግሩ አንድ ወር አስቀድሞ ወጣቶች በካፌቴሪያው ደጃፍ ሰልፍ ያደረጉትም ባለቤቶቹ ለመቀመጫ ተጨማሪ ሒሳብ ማስከፈልና ዘበኛ ማቆም ስለ ጀመሩ ነበር። እንግዲህ የጠቡ ሥር በበሩ ዋጋ ላይ ነው። የስኒውን ዋጋ ከፍ ማድረግ በእነዚያ ሰዎች ዘንድ ግድግዳ ከማቆም አይለይም ነበርና።

ሦስቱ ቤቶች ሲነጻጸሩ፣ የተመሳሰሉበትና የተለያዩበት ነገር ይገለጣል። የተመሳሰሉት ሦስቱም በበራቸው ላይ ጥቂት ነገር ብቻ በመጠየቃቸው ነው፤ አዳራሹ ተራን፣ ሆቴሉ የሳምንት ኪራይን፣ ካፌቴሪያው የስኒ ዋጋን። ማንም ማንነቱን እንዲያስረዳ፣ ስለ ያለፈው ኑሮው እንዲያስመሰክር አልተገደደም። የተለያዩት ደግሞ ቍልፉን በያዘው ሰው ነው። በካፌቴሪያው ቍልፉን የያዙት ባለቤቶቹ ስለ ነበሩ፣ ሲፈልጉ ዘበኛ አቆሙ፤ ሲፈልጉ ፖሊስ ጠሩ። በሆቴሉም እንዲሁ ነው። ኢንተርናሽናል ሆቴል በሚገኝበት መሬት ላይ ሌላ ሕንፃ ሊሠራ ታስቦ የመልቀቂያው ማስጠንቀቂያ በ1968 ደረሰ። በ1969 ቤቱ ተቃጥሎ ሦስት ተከራዮች ሞቱ። ትግሉ ዘጠኝ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ፣ ኦገስት 4 ቀን 1977 ከንጋት በፊት፣ ሦስት ሺህ ያህል ሰዎች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ደጁን ቢከቡም፣ ፖሊሶች ሰልፉን ሰብረው ገቡ፤ ሃምሳ ያህል ሽማግሌዎችም ወደ መንገድ ወጡ። የከተማው ሸሪፍ ሪቻርድ ሆንጊስቶ በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ ትእዛዙን አልፈጽምም ብለው የታሰሩ ሰው ነበሩ፤ በዚያ ሌሊት ግን በመዶሻ የተከራይ በር ሲሰብሩ ፎቶግራፍ ተነሥተዋል። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም፤ ምንም ሳይጠይቅ የሚያስገባ በር፣ ቍልፉ በነዋሪው እጅ ካልሆነ፣ ምንም ሳይጠይቅ የሚያስወጣም በር ነው።

ስለዚህ የጋራ ቤትን ለመመርመር ሁለት ጥያቄዎች ይበቃሉ። በሩ ምን ይጠይቃል? ቍልፉንስ ማን ይዟል? ከሦስቱ ቤቶች ሁለቱን ጥያቄዎች ያለፈው የሥራ መደልደያው አዳራሽ ብቻ ነው። እርሱም ቢሆን ደብተር ይጠይቅ ነበር የሚል ካለ እውነት ነው፤ ነገር ግን ደብተሩን የሚሰጡት አባሎቹ ራሳቸው ነበሩ። በኢትዮጵያ የእድር አባል የሚታወቀው በስም ጥሪና በቀብር ላይ በመገኘቱ እንደ ሆነ ሁሉ፣ የአዳራሹም ሰው የሚታወቀው በጓደኞቹ ፊት በመቅረቡ ነው። የሚያውቁት ሰዎች የጻፉለት ወረቀትና የማያውቀው ጽሕፈት ቤት የሚጠይቀው ወረቀት አንድ ስም ቢኖራቸውም አንድ ነገር አይደሉም።

አሁን ወደ አዲሶቹ ቤቶች ሲታለፍ፣ በመልካም አሳብ የተሠሩ መሆናቸውን አስቀድሞ መናገር የግድ ነው። በ1998 የተቋቋመው ኦፕንሃውስ የሚባለው ድርጅት በፍቅርና በፆታ ለተለዩ ሽማግሌዎች የሚመች ቤት ለማሠራት ብዙ ዓመት ደክሞ፣ ከሌላ የቤት ሥራ ድርጅት ጋራ በመተባበር በላጉና መንገድ ሁለት ሕንፃዎችን አስገኝቷል። የመጀመሪያው ቀድሞ የመምህራን ማሠልጠኛ ከነበረው ቅጥር ውስጥ አሮጌ ሕንፃ በማደስ የተሠራ ሲሆን 40 ቤቶች አሉት፤ ነዋሪዎች መግባት የጀመሩትም በ2016 መጨረሻ ገደማ ነው። ሁለተኛው በ2019 የተከፈተ ሲሆን 79 ቤቶች አሉት። በአጠገባቸውም በዚያ ለማይኖሩ ሽማግሌዎች ጭምር የሚያገለግል የመሰብሰቢያ ስፍራ አለ። በከርኒ መንገድም፣ ሆቴሉ ከፈረሰ በኋላ መሬቱ ከሃያ ዓመት በላይ ባዶውን ቆይቶ፣ በ2005 ለሽማግሌዎች የሚሆን መቶ ያህል ቤቶች ያሉት አዲስ ኢንተርናሽናል ሆቴል ተሠርቷል፤ በምድር ቤቱም የፊሊፒናውያን የባህል ስፍራ ይገኛል። ከተባረሩት መካከል ግን አብዛኞቹ በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም።

የእነዚህ ቤቶች ክፍል ከአሮጌው ሆቴል ክፍል ጋራ አይወዳደርም፤ ማድቤት አለው፤ መታጠቢያ አለው፤ እሳት ቢነሣ ማምለጫ አለው። ጕድለቱ በበሩ ላይ ነው። ወደ እነዚህ ቤቶች የሚገባ ሰው በመጀመሪያ ዕድሜውን፣ ቀጥሎ ገቢው ከተወሰነው ልክ ያልበለጠ መሆኑን በወረቀት ማስረዳት አለበት፤ ከዚያም አመልካቹ ከቤቱ እጅግ ስለሚበልጥ ዕጣ ይጠብቃል። የቤት ሕግ በፍቅሩ ምክንያት ሰውን መለየት ስለሚከለክል፣ ለተለዩ ሽማግሌዎች ታስቦ የተሠራው ቤት ራሱ ለእነርሱ ብቻ ሊሰጥ አይችልም፤ ለሁሉም ክፍት ሆኖ በዕጣ ይደለደላል። ይህም መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ውጤቱን ማስተዋል ይገባል። ሠላሳ ዓመት ዕቃ እያጠበና አልጋ እያነጠፈ ሳይመዘገብ የኖረ ሽማግሌ ማስረጃ ሲያጣ፣ ገቢው በሥርዐት የተመዘገበው ሰው ይቀድመዋል። እንግዲህ ቤቱ የተሠራላቸው ሰዎች የሚለዩበት ነገር፣ ይኸውም የወረቀት እጦት፣ በበሩ ላይ እንዲወድቁ የሚያደርጋቸው ነገር ሆነ። ንድፍ ዐዋቂው በአዳራሹ ብርሃን፣ በአትክልቱ ስፍራና በጋራ ማድቤቱ ላይ የደከመውን ድካም ያህል በበሩ ላይ አልደከመም፤ በሩን ለሒሳብ ሹሞች ትቶታል።

ሁለተኛው ጕድለት ሠራተኛውንና ሽማግሌውን መለያየቱ ነው። አንድ ቤት በ55 ወይም በ62 ዓመት ይጀምራል፤ ሌላው ለወጣት ነው፤ ሦስተኛው ለሠራተኛ ነው። በአሮጌው አዳራሽ ውስጥ ግን የሃያ ዓመቱ አሳላፊና የስድሳ ዓመቱ ወጥ ቤት ተራቸውን የሚጠብቁት በአንድ ወንበር ላይ ነበር። የዛሬው ሥራው ያልጸና ሠራተኛ ደግሞ መጠበቂያ ወንበር እንኳ የለውም። በመኪና ሰው የሚያመላልሰውና ምግብ የሚያደርሰው ሰው በካሊፎርኒያ በ2020 በሕዝብ ድምፅ በጸናውና በ2024 የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ባጸደቀው ሕግ እንደ ቅጥር ሠራተኛ አይቈጠርም። ሥራውን የሚሰጠው የስልክ መሣሪያ ነው፤ ተራ የለውም፤ ማን ለምን እንደ ተመረጠ የሚገልጥ ሰውም የለም። ከ1934 በፊት የነበረው የአለቃ ጣት ተመልሶ መጥቷል፤ ልዩነቱ አሁን ጣቱ አለመታየቱ ነው። የመጠበቂያውም አዳራሽ የየራሱ መኪና ወንበር ሆኖ ቀርቷል። እንዲህ ያለው ሰው ሲያረጅ ወደ የትኛው በር እንደሚሄድ አዲሶቹ ንድፎች አይናገሩም።

በዚህ ሒስ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው፣ ቤቱ የሚሠራው በሕዝብ ገንዘብ ስለ ሆነ ማስረጃ መጠየቅ የግድ ነው፤ ያለ ማስረጃ ቢሰጥ ብርቱው ደካማውን ቀድሞ ይይዘዋል የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ ስለ ማስረጃ አስፈላጊነት እንጂ ስለ ማስረጃው ዐይነት አያስረዳም። በጓደኞች ምስክርነት፣ በዋስ፣ ወይም በማኅበር መዝገብ የሚረጋገጥ ነገር ከደመወዝ ደረሰኝ ያነሰ እውነት የለውም። ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። ሽማግሌ ሰው፣ ይልቁንም በወጣትነቱ የተደበደበና የተሰደደ ሽማግሌ፣ ክፍት በር ያስፈራዋል፤ የቀድሞው ሆቴልም ተባይ የሚርመሰመስበት፣ ሰካራም የሚጮኽበት፣ እሳት የሚያሰጋው ነበር፤ ስለዚህ የተዘጋ በር ለእርሱ ዕረፍት ነው የሚል ነው። እውነት ነው። ነገር ግን ዕረፍት የሚሰጠው የበሩ መዘጋት ሳይሆን፣ በበሩ ላይ የቆመው ሰው የሚታወቅና የሚታመን መሆኑ ነው። በመርከብ አስተናጋጆች ዘንድ ስድብን ያስቀረው ዘበኛ አልነበረም፤ ደንቡን ያወጡትና ደንቡን የጠበቁት አንድ ዐይነት ሰዎች መሆናቸው ነው።

ይህ ነገር በቃል ብቻ የሚነገር እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ በዚያችው ከተማ አለ። ከገበያ መንገድ በስተ ደቡብ የነበሩት የመኖሪያ ሆቴሎች ለትልቅ የስብሰባ አዳራሽና ለአዳዲስ ሕንፃዎች ሲባል መፍረስ በጀመሩ ጊዜ፣ ነዋሪዎቹ፣ ይኸውም ጡረታ የወጡ መርከበኞችና ወደበኞች፣ በ1969 ማኅበር አቋቁመው መንግሥትን በፍርድ ቤት ከሰሱ። ከመሪዎቻቸው አንዱ በወጣትነታቸው የሠራተኞች ማኅበር አደራጅ የነበሩት ጆርጅ ዉልፍ ነበሩ። ቼስተር ሃርትማን በ1974 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ክርክር በሰፊው ተርከዋል። ክርክሩ በ1973 በስምምነት ሲያልቅ፣ ነዋሪዎቹ የጠየቁት ካሳ ብቻ አልነበረም፤ በሚሠሩት ቤቶች ላይ ራሳቸው ሥልጣን እንዲኖራቸው ነው። ከዚህም የተነሣ የተቋቋመው ድርጅት በ1979 በዉልፍ ስም የተጠራውን የመጀመሪያ ቤት ከፈተ። የሃርትማን መጽሐፍ በመሬት ዋጋና በፍርድ ቤት ላይ ስለሚያተኵር ይህን ነገር እንደ ፍጻሜ አያየውም፤ ቤቱም የተሠራው ከመጽሐፉ በኋላ ነው። ለባህል ተመራማሪ ግን ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፤ በወደቡ አዳራሽ ተራን የለመዱ ሰዎች፣ በሽምግልናቸው ያንኑ ልማድ ወደ ማደሪያቸው ማምጣታቸው ነው።

እንግዲህ ለሁለቱ ወገኖች የጋራ ቤት የሚነድፍ ሰው ከእነዚህ ነገሮች የሚማረው ግልጽ ነው። ከክፍሎቹ ከፊሉ በሳምንት የሚከራይ፣ ዕጣ የማይጠብቅ ቢሆን፣ ከሥራ ወደ ሥራ የሚሸጋገረው ሰው ይገባበታል። ምድር ቤቱ ነዋሪ ላልሆነም ሰው ቢከፈትና ሌሊት የሚሠራው ሰው በሚመለስበት ሰዓት ባይዘጋ፣ የስኒው ዋጋ እንደ ቀድሞው የበሩ ዋጋ ይሆናል። በረኛው በነዋሪዎቹ የሚመረጥና በነዋሪዎቹ የሚሻር ቢሆን፣ ሽማግሌው የሚፈራው ክፍት በር ወደሚያውቀው ሰው በር ይለወጣል። እነዚህ ነገሮች ብዙ ገንዘብ የሚፈልጉ አይደሉም፤ የሚፈልጉት ንድፍ ዐዋቂው የቤቱን ሥዕል ሲሥል እስክሪብቶውን ከበሩ እንዲያነሣ ነው።

ተማሪዎችና ተመራማሪዎችም እንዲህ ያለውን ቤት ሲመረምሩ አንድ ሥራ ይጠብቃቸዋል። በከተማይቱ ውስጥ ዛሬም 500 ያህል የመኖሪያ ሆቴሎችና በውስጣቸው 19,000 ያህል ክፍሎች እንዳሉ ተቈጥሯል፤ የአዲሶቹም ቤቶች ነዋሪዎች ስንት እንደ ሆኑ መዝገብ ይናገራል። በበሩ ፊት ቆመው፣ የተጠየቁትን ወረቀት አጥተው የተመለሱት ሰዎች ግን በማናቸውም መዝገብ አልተጻፉም። የጋራ ቤት መልካምነት የሚለካው በገቡት ብቻ ሳይሆን በተመለሱትም ስለ ሆነ፣ ቈጠራው ከእነርሱ ሊጀምር ይገባል።